እናቴ፣ ባሌና የበሰበሰው ተጎታች ቤት

ባሌ ዌንደል ያንን ተጎታች ቤት ከፒካፓችን ኋላ አስሮ ወደ ግቢ ያስገባው በመጋቢት መጨረሻ፣ ከጎተራው ጥላ ሥር ያለው በረዶ ገና ቀልጦ ባላለቀበት ቀን ነው። ከዋናው መንገድ ጀምሮ ጥሩምባ እየነፋ መጣ። እኔ ከሆስፒታል ተራዬ ገብቼ ጫማዬን እያወለቅሁ ነበርና አንዱ እግሬ ባዶ እንደሆነ ወጣሁ።

«የኛ ነው!» አለ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። «ማርሊስ፣ የኛ ነው! ሐይቅ ዳር እንሄድበታለን!»

ሃያ ስምንት ዓመት ያገለገለ፣ ጎኑ ላይ ቡናማ መስመር ያለው ነጭ ተጎታች ቤት ነበር። አንድ ገበሬ ከበቆሎ ማስቀመጫው ኋላ አቁሞ ረስቶት ኖሮ ዌንደል ሄደ፤ አንዴ ዞሮ አየውና ገዛው። ገብቼ ሳሸተው እርጥብ ውሻ የከረመበት ምድር ቤት ነው የመሰለኝ።  ባሌ ሲደሰት ፊቱ የአሥር ዓመት ልጅ ፊት ይሆናል፤ ያን ፊት የማጠፋው እኔ እንድሆን አልፈለግሁም።

ዌንደል የሙዚቃ አስተማሪ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆችን ትሮምፔትና ክላርኔት ያስነፋል፤ ለዚያም የብረት ትዕግሥት አለው። ብሎን ሊያጠብቅ ሲነሣ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ይጸልያል።

እናቴ ቨርና ደግሞ ሌላ ሰው ናት። እኛ በምንኖርበት በሰሜን ኢንዲያና ከሁለት ሰው አንዱ ተጎታች ቤት ሠርቷል፤ ያልሠራው ደግሞ የሚሠራ አግብቷል። እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ግድግዳና ጣሪያ ስትገጥም ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። አባቴ የሞተው እኔ ስምንት ዓመቴ ሳለ ነውና ያሳደገኝ የእሷ መዶሻ ነው። ዌንደልን መጀመሪያ ቤት ያመጣሁት ቀን፣ እሱ ወደ መኪናው እስኪወጣ ጠብቃ «ሥራው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሙዚቃ ያስተምራል።»

«እሱንማ ነገርሽኝ። ሥራውስ?»

ከዚያ ወዲህ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሙ «መምህሩ» ሆኖ ቀረ። ክፉ ተናግራው አታውቅም፤ ደግም ተናግራው አታውቅም። እሱም «እርስዎ» እያለ፣ ወንበር እየሳበ፣ እንደ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ያከብራት ነበር። ሁለቱን ብቻቸውን ሳሎን ትቼ ስመለስ፣ ሁለቱም በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያዩ ነው የማገኛቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ለምሳ መጣች። ድንች ላይ የተደረገውን ኑድል ሳይጨርስ ዌንደል ሊያሳያት ተነሣ። እኔም ተከተልኳቸው። እናቴ በተጎታች ቤቱ ውስጥ መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ዞረች፤ የታመመ ፈረስ ሆድ የምትዳስስ ነበር የምትመስለው። ከኋለኛው መስኮት ሥር ስትደርስ ቆመች። አውራ ጣቷን ጫን አደረገች። ጣቷ እስከ አንጓው ገባ።

«መምህር» አለች። «ይሄ ግድግዳ አይደለም። ወተት ውስጥ የተነከረ ዳቦ ነው።»

ዌንደል እስከ ጆሮው ቀላ። «እመልሰዋለሁ» አለ ድምፁ ሟሽሾ።

«ለማን? ሰውየው ከሸጠልህ ጀምሮ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደውም እኮ።»

ከዚያ አንድ ሁለት ትጨምርበታለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጣቷን በመሐረቧ ጠርጋ ወደ በሩ ሄደች። «ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እመጣለሁ» አለች። «እስከዚያ ያንን ቀዳዳ መድፈኛ ሲሊኮን በእጅህ እንዳትነካ። ሲሊኮን የሰነፍ ጸሎት ነው።»

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ተረኛ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁን ግማሹን ከእናቴ፣ ግማሹን ከባሌ ነው የሰማሁት፤ ሁለቱ የማይስማሙበት ቦታ ላይ እናቴን አምኛለሁ።

ሥራው ከላይ ተጀመረ። «ውሃ ከላይ ነው የሚመጣው» አለችው፤ «ግድግዳውን አድሰህ ጣሪያውን ብትተው ለዝናቡ አዲስ ሳህን አቀረብክለት ማለት ነው።» ሸራ ወጠሩ። የጣሪያውን የጎማ ሽፋን ገፈፉ፤ የጎኑን ላሜራ ብሎን በብሎን ፈትተው ሣሩ ላይ አነጠፉ። ከውስጡ የወጣው ነገር ዌንደልን አስደነገጠው፤ እንደ ትምባሆ የሚፈረፈር የሞራሌ እንጨት፣ የአይጥ ጎጆ፣ የተርብ ቤት። በመጀመሪያው ቀን ብቻ አውራ ጣቱን ሁለት ጊዜ በመዶሻ መታ። አልሳቀችበትም። መዶሻውን ከእጁ ወስዳ እጀታውን ከጫፉ እንዲይዝ አደረገችውና «ክብደቱ ይምታልህ እንጂ አንተ አትምታ» አለችው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ግን አንድ ነገር ሆነ። የትኛው እንጨት እንደሚቀርና የትኛው እንደሚወጣ ለመለየት እናቴ እያንዳንዱን በወስፌ ትወጋ ነበር። ዌንደል ከኋላዋ ቆሞ በካቻቢቴ እጀታ እንጨቶቹን መታ መታ ያደርጋል።

«ምን እያንኳኳህ ነው? ሰው የለም» አለችው።

«ይሄኛው ደህና ነው» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«ይዘፍናላ። ያኛው ደግሞ እዚህ ድረስ ይዘፍንና...» ወደ ታች እየመታ ሄደ፤ «እዚህ ጋ ድምፁ ይሞታል። ከዚህ በታች የበሰበሰ ነው።»

እናቴ ወስፌዋን ያለው ቦታ ላይ ሰካች። ሰመጠ። አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋ ሰካች። አልገባም አላት።

«ሌላ ሞክር።»

ከኋለኛው መስኮት እስከ በሩ ድረስ እሱ እየመታ፣ እሷ እየወጋች ሄዱ። አንድም አልሳተም። እናቴ ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ» አለችው፤ «በጆሮው የሚያገኝ ሰው ግን አላየሁም። ይሄን ሁሉ ዘመን የት ደብቀኸው ነው?»

«ጠይቀውኝ አያውቁም» አላት።

ያን ቀን ማታ ወደ ቤት ስገባ ሁለቱ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው በቼሪ ፍሬ የተሞላ ፓይ ከእነ መጋገሪያው በሁለት ሹካ ሲበሉ አገኘኋቸው። ለእኔ ያስቀሩልኝ ጠርዙን ነበር።

ሰኔ ላይ አዲሱ ሞራሌ ገብቶ፣ ኮምፔንሳቶው በኮላና በብሎን ተይዞ፣ የጣሪያው ጎማ ተነጠፈ። መጋጠሚያውን ማሸግ ግን እናቴ ለማንም አልሰጥም አለች። «ይሄ የኔ ነው» ብላ መሰላሉን ወጣች። በሰባ አራት ዓመቷ ተንበርክካ፣ ማሸጊያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው።

እሑድ ጠዋት እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ ዌንደል ሊያየው ወጣ። መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ነበር። ችግሩ፣ መጋጠሚያው ላይ አልነበረም። ከመጋጠሚያው አንድ ጣት ያህል ወደ ጎን ወርዶ፣ ምንም ቀዳዳ የሌለበትን ጎማ አሽጓል።

ዌንደል ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብሎ አየው። ከዚያ ፋቀና እንደገና ሠራው። ለማንም አልተናገረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ስትመጣ የደብዳቤ ሣጥናችንን ከእነ ቋሚው ገነደሰችው። ከመኪናዋ ወርዳ «ይሄን ነገር ማነው ያንቀሳቀሰው?» አለች። ሣጥኑ ዌንደልና እኔ ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ እዚያው ነው የቆመው። ዌንደል «እኔ ነኝ፤ ይቅርታ» አላት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱ ሄዶ ያመጣት ጀመር። አንዴ «እንጨት መሸጫው በርስዎ በኩል ነው» አላት፤ አንዴ «መኪናዬ ረጅም መንገድ ካልሄደች ባትሪዋ ይሞታል» አላት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ሰበቡን ይዞ ከመነሣቱ በፊት እሷ ቀድማው መጥታ አገኛት። ጣሪያው ላይ ነበረች። ተንበርክካ፣ ጓንቷን አውልቃ፣ መጋጠሚያውን በጣቷ ትዳስሳለች። እሱም ወጣ።

«ይሄን ደግመህ ሠርተኸዋል» አለችው።

«ዝናብ ይመጣል ሲሉ ትንሽ ልጨምርበት ብዬ...»

«የኔ እጅ መጨረሻው ላይ ወደ ግራ ይጠመዝዛል። ይሄ ወደ ቀኝ ነው የጠመዘዘው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት እጅ ይጠፋኛል?» ቀጥላም፣ «በስንት ስቼው ነበር?» አለች።

«በአንድ ጣት» አለ ዌንደል። «መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነበር። እኔ እንደዚያ ቀጥ አድርጌ መሥራት አልችልም።»

እናቴ ተነሣች። ፊቷን እንዳያይባት ብላ ዞረችና አንድ እርምጃ ተራመደች፤ እርምጃው ጣሪያው ወደሚያልቅበት ነበር።

«ተቀመጪ!» ብሎ ጮኸባት።

ያንን ጩኸት ጎረቤታችን ከትራክተሩ ላይ ሆኖ ሰምቶታል። እናቴ ባለችበት ቁጭ አለች። ዌንደል በአራት እግሩ ድኾ ደረሰና ክንዷን ያዘ። 

«መሃሉ የለም» አለችው። «ዳር ዳሩን አያለሁ። መሃሉን የሆነ ነገር በልቶታል። አሁን አንተን ሳይህ ጆሮህ አለ፣ ፊትህ ግን የለም።»

ይህን በኋላ ሲነግሩኝ ነው የገባኝ። እናቴ ከአንድ ዓመት በላይ ሳናግራት በጆሮዬ አጠገብ አሻግራ ነበር የምታየው። ቅር ያሰኘኋት ነገር አለ እያልኩ ራሴን ስበላ ነው የከረምኩት። ያን ጊዜ ሁሉ ፊቴን እየፈለገችው ነበር።

«ሐኪም አይቶዎታል?» አላት።

«አይቶኛል» አለች። ዋሸችው።

«በመኪናስ?»

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። መስኮቱን ከፍቼ።» ከዚያ ጨመረችበት፤ «ማክሰኞ ዕለት መኪና የማይነዱት የአሚሾች ጋሪ ፊቴ ነበር። የፈረሱን ኮቴ ሰምቼ ነው የቆምኩት። ልጆች ነበሩበት፤ ሲስቁ ሰምቻቸዋለሁ።»

«ቁልፉን ስጪኝ» አለ ዌንደል። ከዚያ ደንገጥ ብሎ፣ «ማለቴ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ቅድም እንዳልከው በለኝ» አለችው ኪሷን እየበረበረች። «ቁልፌን የሚወስድብኝ ሰው እርስዎ እያለ አይወስድብኝም።»

ሰጠችው። አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ተጎታች ቤቱ እስኪያልቅ ለእኔ እንዳይነግረኝ። «ከነገርካት በሚቀጥለው ቀን ወንበር ላይ አስቀምጣ ብርድ ልብስ ታለብሰኛለች። መጨረስ እፈልጋለሁ።» እሱም እሺ አላት። መኪናዋ ከጎተራችን ጎን ቆማ ከረመች። ስጠይቅ «ፍሬኗ ችግር አለበት» ተባልኩ። ሁለቱም ያን ያህል ደህና ውሸታም መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

ያወቅሁት ነሐሴ ላይ ነው። ግድግዳው ተዘግቶ፣ ወለሉ ተነጥፎ፣ ቀለም ተቀብቶ ነበር። እኔ መጋረጃውን ልስፋ ብዬ ሁለት ዓይነት ጨርቅ ይዤ ገባሁና ለእናቴ ዘርግቼ አሳየኋት። «የቱ ይሻላል? ባለ አበባው ወይስ ባለ መስመሩ?»

በእጇ ዳሰሰችው። «ይሄኛው ወፍራም ነው፤ ፀሐይ ይከላከላል።»

«እማ፣ መልኩን ነው የጠየቅሁሽ።»

«መልኩን ዌንደልን ጠይቂው» አለች። ከዚያ ጨርቁን ጭኗ ላይ አጣጠፈችና ሁሉንም ነገረችኝ።

አላለቀስኩም። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። በቀጥታ ወደ ዌንደል ሄድኩ፤ ጎተራው ውስጥ የተጎታች ቤቱን በር ቀለም ይቀባ ነበር።

«ነርስ ነኝ!» አልኩት። «አንድ በጋ ሙሉ! እናቴ ዐይኗ እየጠፋ፣ አንተ ታውቃለህ፣ እኔ ነርስ ሆኜ አላውቅም! ያለውን እይታ የሚያቆይ መርፌ እኮ አለ፣ ዌንደል! እያንዳንዱ ሳምንት ዋጋ አለው!»

ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። «ሐኪም አይቶኛል ብላኝ ነበር።»

«አመንካት?»

«አመንኳት» አለ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ነገር እንኳ ነግራኝ አታውቅም። ስትነግረኝ አመንኳት።»

 ግን ሁለት ቀን አላናገርኩትም። በሦስተኛው ቀን እናቴን ለሐኪም ይዣት ሄድኩ። የግራው ዐይን መሃሉ አይመለስም፤ የቀኙን ግን በየወሩ በሚሰጥ መርፌ ማቆየት ይቻላል አለን። ሁለቱ ወር ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ «ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም» አለኝ። ስንወጣ ዌንደል በኮሪደሩ ወንበር ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀምጦ ነበር፤ ሳንጠራው ነው የመጣው። እናቴ ክንዴን ለቅቃ፣ ወንበሮቹን በእጇ እየቆጠረች ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«የዋሸሁህ እኔ ነኝ» አለችው። «ማርሊስ የምትቆጣው አንተን ነው፤ እኔን መቆጣት ስለሚያስፈራት። ቻለው።»

እውነቷን ነው። እዚያው ኮሪደር ላይ ነው ያለቀስኩት።

የመጀመሪያው መርፌ ሳምንቱን ሙሉ አስተኛትና ቅዳሜ እንደ ወትሮዋ መምጣት አልቻለችም። ዌንደል ብቻውን ሠራ። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ስለነበር ከሰዓት በኋላ እየመጣ ጎተራው ጋ ይጠፋል። ልርዳህ ስለው «አይ፣ ይሄን እኔው» ይለኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራዬን ለወጥኩና ሦስታችንም አብረን ገባን።

እናቴ በሩ ላይ እጇን ዘረጋች፤ የእንጨት መያዣ አገኘች። ከበሩ ጀምሮ በወገቧ ልክ በግድግዳው ላይ ይሄዳል፤ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ እንደ ሳሙና ለስልሷል። በእሱ እየተመራች ሄደች። ምድጃው ጋ ሲደርስ መያዣው ይቆማል፤ ከምድጃው ወዲያ እንደገና ይጀምራል። አልጋው ጋ ስትደርስ ከማብሪያ ማጥፊያዎቹ አጠገብ ጣቷ ሌላ ነገር አገኘ። ከመብራቱ ማብሪያ ጎን አንድ የነሐስ ብሎን ራሱን አውጥቶ ቆሟል። ከውሃ መሳቢያው ጎን ሁለት። ከማራገቢያው ጎን ሦስት፤ በጣቷ ቆጥራ እንድትለያቸው።

አንዱን ነካች፤ ሁለቱን ነካች፤ ሦስቱን ነካች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ዌንደል እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሟል።

«ሦስተኛው ትንሽ ዘሟል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ውሃ ልክ አልተጠቀምክም?»

«ተጠቅሜ ነበር።»

«እንግዲህ ውሃ ልክህ ሰክሮ ነበር።» ጣቷን ግን ከብሎኖቹ ላይ አላነሣችም። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ዌንደል ቀረብ አለና ከጎኗ አልጋው ላይ ተቀመጠ። እኔ ያልተሰፋውን መጋረጃ ይዤ ወጣሁ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ አሸዋ ኮረብታዎቹ ሥር ሄድን። እናቴ መሃላችን ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ «ቀስ በል፤ ከኋላህ ቤት አለ» እያለች ነዳች ማለት ይቻላል። አርብ ማታ ደርሰን አቆምን። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ነበር፤ እናቴ ውሃው አፍ ላይ ቆማ «ሰፊ ነገር ሲሆን በደንብ ይታየኛል» አለች። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ላይ ጥቁር ደመና መጣና ዝናቡ ወረደብን።

ሦስታችንም ጣሪያውን አዳመጥን። ዌንደል ትንፋሹን ይዞ፣ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ እንደ ኮንሰርት ቀን ቆመ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ጣሪያው ያዘ። ከዚያ ከመታጠቢያው በላይ ካለው መስኮት አንዲት ጠብታ ወረደችና ሳህን ላይ ጠብ አለች። ተከትላት ሌላዋ።

የባሌን ፊት ባያችሁት ኖሮ። «አይ» አለ። «አይ፣ አይ፣ አይ።»

«አንድ ቦታ ብቻ?» አለች እናቴ። «እኛ አዲሱን ከፋብሪካ ስናወጣው ሁለት ቦታ ብቻ ካፈሰሰ በደስታ እንጨባበጥ ነበር።»

«ሙሉ በጋ የሠራነው!»

«ዌንደል። ቤት ማለት እኮ የሚያፈስበትን የምታውቀው ማለት ነው። የዝናብ ልብስህን አምጣ።»

«አሁን? አንቺ ትቀመጫለሽ፣ እኔ ብቻዬን እወጣለሁ።»

«ብቻህን ወጥተህ ምን ልትነካ ነው? ጫማዬን አቀብለኝ ባክህ።»

«ቨርና፣ ዝናቡ እኮ...»

«ጫማዬን።»

አንድ የዝናብ ልብስ ብቻ ነበር ያመጣነው። እየተከራከሩ ሁለቱም ከሥሩ ገቡና ወጡ። በመስኮቱ በኩል አየኋቸው፤ ውሃው መስታወቱ ላይ ስለሚወርድ መልካቸው ይሟሟል። እሷ እጇን ዘርግታ የመስኮቱን ዙሪያ በጣቷ ትዳስሳለች፣ እሱ በአንድ እጁ ልብሱን ከራሷ በላይ ይዞ በሌላው ክርኗን ደግፏል። የላይኛው ጥግ ላይ ስትደርስ ቆመችና አንድ ነገር ነገረችው። እሱ ሣቀ። ያሣቀው ምን እንደሆነ አልሰማሁም፤ ስጠይቃቸውም አልነገሩኝም።

ሲገቡ ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ ኑድሉን ጣድኩ።